በየትኛው እጄ ልጥራሽ

ውድ ኮሳና፣

«እንደምን ከርመሻል?» ልልሽ ብዕሬን አነሳሁ፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ። መክረም አለመክረምሽን የሚያውቅ ሰው በመንደራችን የለም። አድራሻሽን የሚያውቅም የለም። ስለዚህ ስለ ሰርግ፣ ስለ ፕሪም ማርማላታና ስለ ጎረቤት ኩርፊያ በማወራባት የመጽሔት ገጼ ላይ ጻፍኩልሽ። ቪየና ውስጥ መጽሔታችንን የሚሸጥ ኪዮስክ አለ ይላሉ። እዚያ ካለሽ ታገኚዋለሽ። እዚያ ከሌለሽ ደግሞ እንዴት እንደሚደርስሽ አንቺው ታውቂያለሽ። አንባቢዎቼ በትከሻዬ በኩል አንገታቸውን አስግገው ያነባሉ፤ ያንብቡ። ግማሾቹ ሰርጉ ላይ ነበሩ፣ የቀሩት ስላልተጠሩ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።

አዎ፣ ሰርግ ነበረን። ልጅሽ ያጎዳ አገባች።

ማንን አትይኝም? የንብ አርቢውን የስቶያዲንን ልጅ፣ ራዶየን። ያ ፕሪምሽን ሲሰርቅ ይዘሽ ጆሮውን የጠመዘዝሽው፣ አፍንጫው ዓመት እስከ ዓመት የሚፈስሰው ልጅ! አሁን ትከሻው በበር አይገባም፤ አፍንጫውም ደርቋል። ልጅሽን እንደ ማር ሰፈፍ ነው የሚይዛት፣ እንዳትሰበርበት። እናቱ ግሮዝዳና ግን ያቺው ግሮዝዳና ናት። ጊዜ አልነካትም፤ ፈርቷት ይሆናል።

አንቺ ወደ ቪየና የሄድሽ ዕለት ያጎዳ ትንሽ ልጅ ነበረች። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመሽ «የሰው ደረጃ አጥቤ የራሴን ደረጃ እሠራለሁ» ብለሽ ስትስቂ ትዝ ይልሻል? በላክሽው ገንዘብ ሠራሽም። ሁለተኛው ፎቅ ቆመ፤ በሩ ላይ ሁለቱ የጂፕሰም አንበሶች ተቀመጡ። መስኮቶቹ ብቻ ቀሩ። እሑድ እሑድ ትደውይ ነበር። አንድ እሑድ አልደወልሽም፤ ከዚያ ወዲህ ቤትሽ ውስጥ እሑድ ቀን ጮክ ተብሎ ተወርቶ አያውቅም። ባልሽ ሚሉቲን ቪየና ድረስ ሄዶ ፈለገሽ። አከራይሽ «በክረምት ካፖርቷን ለብሳ ወጣች» ከማለት በቀር የምታውቀው አልነበራትም። ባልሽ ተመልሶ መጣና የመስኮቱን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወው።

እኔስ? ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ፤ ተናድጄብሽ ነበር። ለባልሽ ባትጽፊ እሺ፤ የባልና የሚስት ነገር ነው። ለልጅነት ጓደኛሽ ለእኔ ግን! ከአንድ ጋሪ ላይ የወደቅን ልጆች እኮ ነን። ያንቺ ትንሿ ጣት እንደ መንጠቆ ተቆልምማ ቀረች፣ እኔ ቅንድቤ ላይ ጠባሳው አለ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ሳይ የማስታውሰው አንቺን ነው።

እሺ፣ ወደ ሰርጉ።

ከያጎዳ ጋር አዳራሽ ፍለጋ የወጣነው በሚያዝያ ነው። ያ የድሮው የወይን ማከማቻ አሁን የሰርግ አዳራሽ ሆኗል። የያዘችው ቢሴርካ የምትባል፣ ከወንዙ ማዶ በጋብቻ የመጣች ሴት ናት፤ አንቺን በዓይኗም አይታሽ አታውቅም። ገና ከመግባታችን ቁልፏን እያንሿሿች፣

«ደግማችሁ መጣችሁ?» አለችን።

«ኧረ ገና አሁን መምጣታችን ነው» አልኳት።

«እናትየውስ ታዲያ? ትናንት መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ከበሩ አርቁልኝ፣ ልጄ ጀርባዋን ነፋስ ሲመታት ታስላለች ብላኝ ሄደች። ግራጫ ካፖርት የለበሰችው! እንዴት ያለች ዝምተኛ ሴት ናት!»

መጀመሪያ ግሮዝዳናን ጠርጥሬ ነበር። «ዝምተኛ» የምትለዋ ቃል ግን ግሮዝዳናን ከነዘር ማንዘሯ ነፃ አወጣቻት። ያጎዳ ቀድማ ወደ መኪናው ወጣች። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው፣

«አክስቴ፣ ነፋስ እንደሚያስለኝ ማን ያውቃል?» ያለችኝ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«ሌላስ?»

የመኪናውን ቁልፍ አዞርኩ። ሌላ ማን እንደሚያውቅ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በሐምሌ ወደ ኬክ ጋጋሪዋ ወደ ኤሚሊያ ሄድን። እሷም የሌላ ከተማ ሰው ናት። ምን እንደምንፈልግ ሳንነግራት «ያንቺማ ታዟል!» አለች ለያጎዳ። «እናትሽ ናት ያዘዘችው። ባለ ፕሪም ማርማላታው ኬክና ትናንሾቹ ብስኩቶች። ለውዝ የሚባል ነገር እንዳይገባበት፣ የልጄ ከንፈር ያብጣል ብላ ሦስቴ ነገረችኝ።»

ያጎዳ እጇን ወደ ከንፈሯ ሰደደች።

«ምን ትመስላለች?» አልኳት እኔ።

«እንግዲህ... ካፖርት ለብሳለች። በሐምሌ ሙቀት! እኔ እዚህ ምድጃው ጋ እየቀለጥኩ፣ እሷን ላብ እንኳ አላላባትም። የካፖርቷ ጫፍ እርጥብ ነበር፤ ከሄደች በኋላ ወለሉን ወለወልኩ። ደግሞ ስታልፍ በረኪና በረኪና ትሸታለች፤ አትታዘቡኝና ክሬሜን ደግሜ ቀመስኩት።»

የደረጃ አጣቢ ሴት ሽታ ምን ምን እንደሚል አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ያጎዳ ኬክ ቤቱ ውስጥ ቆማ አለቀሰች፤ ግን የደስታ ለቅሶ ነበር። «እማ አለች! አክስቴ፣ አለች እኮ!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አቀፍኳት። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ እንደቆመ ግን አልነገርኳትም።

የጥሩምባ ባንዱን ኃላፊ ዴሚርን ደግሞ በነሐሴ መጀመሪያ አገኘነው። ጎማ መጠገኛው ጓሮ ውስጥ ይለማመዱ ነበር። «የእናትየውን ጭፈራ አውቀናታል፣ እትዬ፣ አታስቢ» አለኝ ከንፈሩን እየጠረገ። «ቀስ ያለችው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩባት። እኔ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የምይዘው፣ ስለዚህ አታፍጥነው ብላኛለች።» ወንዶቹ ልጆች አጠገቡ ቆመው ጥሩምባቸውን ያራግፉ ነበር፤ አንዱም አልሳቀም። ኮሳና፣ ጥሩምባ ነፊ ሳይስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ነው ወጥ ቤትሽ ውስጥ ጦርነት የተነሳው።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። ካርድ አሳትመናል፤ ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ ግሮዝዳና የመረጠችው፣ ዓይን የሚያሳምም ካርድ። ግን በእኛ አገር ካርድ ማንን ይጠራል? ጠሪው ኮዳው ነው። የባልሽ ታላቅ ወንድም ትራይሎ የእንጨቱን ኮዳ በቀይ ክርና በበሶብላ አስጊጦ፣ አረቄ ሞልቶ፣ ከቤት ቤት ይዞራል። ለሕያው ሰው ኮዳው በቀኝ እጅ ይሰጣል፤ ተጎንጭቶ ይመልሳል። የሞቱትን ደግሞ በዋዜማው ጠዋት መቃብር ቦታ ሄዶ በግራ እጁ መሬት ላይ እያፈሰሰ በስማቸው ይጠራል። «ሰርግ አለንና ኑ፤ ብሉ፣ ጠጡ፣ ጨፍሩ፤ ሲያልቅም ወደ ቦታችሁ ተመለሱ።» የመጨረሻዋ ቃል ከሁሉም ትበልጣለች። ሙት እንግዳ ካላሰናበቱት መንገዱን አያውቅም።

እንግዲህ አንቺ በየትኛው እጅ ትጠሪ?

«በግራ» አለ ሚሉቲን። ጠረጴዛውን እያየ ነው የተናገረው። «ሳትጠራ እየመጣች ነው። ያልተጠራ ሙት ያኮርፋል። ያኮረፈ ሙት ደግሞ ሙሽራ ይዞ ይሄዳል፤ እናቴ ስትለው ሰምቻለሁ።»

«አባ፣ መቃብር እንኳ የላትም እኮ!»

«ለዚያ እኮ ነው የምትዞረው፣ ልጄ።»

«እማ በሕይወት አለች!» ያጎዳ ብድግ አለች። «ባዶ እጇን ስለመጣች አፍራ ነው የምትደበቀው። ሌላው ከቪየና በመርቼዲስ ይመጣል፣ እሷ በካፖርቷ ብቻ መጣች። ይኸው ነው! በግራ እጅ የጠራችኋት ቀን ገደላችኋት ማለት ነው። ያን ቀን ሰርግ የሚባል የለም፤ ልብሱን አውልቄ አንበሶቹን አለብሳቸዋለሁ።»

«ሞታም ይሁን በሕይወት» አለ ትራይሎ ኮዳውን እየነቀነቀ፣ «ኬክ ስታዝ ሁላችሁንም ቀድማችኋለች።»

በመጨረሻ ሚሉቲን እጅ ሰጠ። ግራ እጅ የለም ተባለ፤ ማልንም።

በዋዜማው ረፋድ ላይ እኔ ወጥ ቤትሽ ውስጥ ሳህን እየጠረግሁ ትራይሎ ከመቃብር ተመልሶ ገባ። የመንደሩን አረቄ ሁሉ ሲጎነጭ የከረመ ሰው ፊቱ ቀይ ነው የሚሆነው፤ እሱ ግን እንደ ኖራ ነጥቷል። ኮዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በሹክሹክታ፣

«እቴ ዢቫና፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አለኝ።

«ምን አደረግህ?»

«ሚሉቲን ትናንት ለምኖኝ ነበር። ተንበርክኮ እኮ ነው! ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ? አባታችንን ጠራሁ፣ እናታችንን ጠራሁ፤ አሰናበትኳቸው። ከዚያ ከእናታችን እግር ሥር ኮሳናን ጠራኋት። ነይ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ጨፍሪ አልኳት። ከዚያ የመጨረሻዋ ቃል እንቢ አለችኝ። ያቺን ደግ ሴት እንዴት ተመለሺ ይሏታል? አልቅሼ ወጣሁ።»

«አላሰናበትካትም?»

«አላሰናበትኳትም።»

ቀና ስል ያጎዳ ደረጃው ላይ ቆማለች። ፀጉሯ በሙሉ በቢጉዲን ተጠቅልሏል። ወረደችና ቢጉዲኖቹን እየነቀለች ከኮዳው አጠገብ ትደረድር ጀመር።

«ገደላችኋት» አለች። «በሉ ለራዶየ ንገሩት። ሰርግ የለም።»

«ልጄ፣» አልኳት፣ «የተባለ ነገር ተመልሶ አይዋጥም። ግን ሌላ እጅ አለን። በግራ የተጠራች በቀኝም ትጠራ። ሕያው ናት ካልሽ እንደ ሕያው እጠራታለሁ፤ እኔ ራሴ።»

«የት ሄደሽ?»

«መጨረሻ ያየናት ቦታ።»

ያጎዳ አንዷን ቢጉዲን አንስታ መልሳ ፀጉሯ ላይ ጠቀለለች።

ስለዚህ መጣሁልሽ፣ ኮሳና። በእኩለ ቀን፣ በዚያ ሙቀት፣ ኮዳውን በቀኝ እጄ ይዤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ሱፉ በየማሳው ደርቆ አንገቱን ደፍቷል። ነፍስ ያለው ነገር የለም። ያ አግዳሚ ወንበር ዘወትር የሱፍ ገለባ፣ ማስቲካና አቧራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ብቻ ሳይሆን እርጥብ ነበር፤ ልክ እንደ ደረጃ ተፈትጎ ታጥቦ፣ ውሃው ገና ከጫፉ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

መሮጥ ነበረብኝ። ግን ኮዳውን ዘረጋሁና እንደ ሞኝ ተናገርኩ። «ኮሳና፣ ልጅሽ ነገ ታገባለች። ግሮዝዳና ሐምራዊ ልብስ ነው የምትለብሰው፤ ለዚያ እንኳ ብትመጪ አይቆጭሽም።» ኮዳው እጄ ላይ ትንሽ ቀለለኝ። ሙቀቱ አደናግሮኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መልሼ ላሽገው አፉን ሳቀርበው ግን ከአረቄው ሽታ በላይ በረኪናው ሸተተኝ።

ለያጎዳ «ጠርቻታለሁ» አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

ሰርጉ ያምር ነበር። ውሸት አልጽፍልሽም፤ ሥጋው ትንሽ ደርቆ ነበር፣ የግሮዝዳና ንግግር ደግሞ ከሥጋው የባሰ። ቢሴርካ መጥፋትሽንም የአገሩን ልማድም ሰምታ ኖሮ፣ ከመጀመሩ በፊት ወደ ያጎዳ ጠጋ ብላ «በእናትሽ ቦታ ሳህኑን ልገልብጠው?» አለቻት። ለሞተ ሰው ሳህን ይገለበጣል አይደል? ያጎዳ «አትገልብጪው። ማንኪያም አድርጊበት» አለች። ሾርባም ተቀዳልሽ። ኋላ ላይ ሳህንሽ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግሮዝዳና «የእናትየውን ሾርባ የበላ ሆዳም ማነው?» ብላ አዳራሹን አናወጠችው። ሁሉም ወደ ትራይሎ ዞረ። ትራይሎ ግን ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም፤ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ዴሚር ጥሩምባውን ዝቅ አድርጎ ያቺን ቀስ ያለች ጭፈራ ጀመራት። ያጎዳ መራች፣ ከኋላዋ ራዶየ፣ ሚሉቲን፣ ግሮዝዳና ከነሐምራዊዋ፣ ሰዉ ሁሉ። እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ቀኝ እጄን ትራይሎ ያዘኝ፤ ግራዬ ባዶ ነበር።

አንድ ዙር ሄድን። በሁለተኛው ዙር አንድ እጅ ግራ እጄን ያዘኝ።

ምን ልበልሽ? ሻካራ ነበር፤ ሳሙናና ውሃ ያስጨረሰው፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ። አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም። ገና ከውሃ እንደወጣ እጅ ነበር። ትንሿ ጣት እንደ መንጠቆ ተቆልምማ ጣቴን ያዘች።

አልዞርኩም። ፈርታ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ግን ብዞር አውቅ ነበር። ካወቅሁ ደግሞ ከሁለት አንዷን ኮሳና አጣለሁ፤ ወይ በሕይወት ያለችውን፣ ወይ ልትጠይቀኝ ከሞት የመጣችውን። ሁለታችሁንም እፈልግ ነበር። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሙሽራዋ አድርጌ ጨፈርኩ። ያጎዳ ክቡን ጠምዝዛ ወደ እኛ ስትዞር አየችኝ። ከእኔ አልፋ አየች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ልጽፍልሽ አልችልም፤ አንቺ ግን ከኋላዬ ሆነሽ አይተሽዋል። ነፋሱ ከበሩ ይመጣ ነበር፤ አላሳላትም።

ጭፈራው አላልቅ አለ። ሰዉ ደከመው፣ ግሮዝዳና ጫማዋን አወለቀች፣ ባንዱ ግን ይነፋል። በመጨረሻ እጁ ከእጄ ወጣ፤ ጥሩምባውም በዚያው ቆመ። ዴሚር በኋላ ላቡን እየጠረገ፣

«እትዬ፣ መጨረሻዋ ጠፋብኝ» አለኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የምነፋት ጭፈራ! ልዘጋት ስል ያቺ ከኋላሽ የነበረችው ሴትዮ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ገና ነው ትለኛለች።»

«ወዴት ሄደች?»

«መሄዷን አላየሁም» አለኝ።

መሄድሽን ያየ ማንም የለም፣ ኮሳና። ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ ኤሚሊያ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ለያጎዳ እንኳን ደስ ያላት በይልኝ!» አለችኝ። ሰርጉ ካለፈ ቆየ እኮ አልኳት። «የሰርጉን ማን አወራሽ? አያትየው መጥታ የክርስትናውን ኬክ አዘዘች እኮ! ለሐምሌ። ይህኛውም ለውዝ እንዳይገባበት፣ ልጁ እንደ እናቱ ከንፈሩ ያብጣል አለችኝ።»

ከገበያው ቀጥታ ወደ ያጎዳ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት አንዱ እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ማርገዟን ለራዶየ እንኳ ገና አልነገረችውም፤ እርግጠኛ የሆነችው በዚያው ጠዋት ነው። ነገርኳት። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

«አክስቴ፣ አሰናብቷት እንዳትሉ። ልጁን ትየው።»

ትራይሎ ግን እንቅልፍ አጥቷል። «እቴ፣ ወደ መቃብሩ ሄደሽ ያቺን አንድ ቃል በይልኝ» እያለ በየቀኑ በሬ ላይ ይቆማል። «እኔ እንደገና አልቅሼ አበላሸዋለሁ። የቀረችው እኮ አንድ ቃል ናት! ያላሰናበቱት ሙት መልካም ሆኖ መጥቶ መልካም ሆኖ ይቆያል ያለሽ ማነው?» እውነቱን ነው፤ እኔም ሳስበው ጀርባዬን ይበርደኛል። ኮዳውን በግራ እጄ ይዤ እስከ መቃብሩ በር ሄድኩ። አፌን ከፈትኩ። ኮሳና፣ ለትራይሎ እንቢ ያለችው ቃል ለእኔም እንቢ አለች። ሕያው ከሆንሽ ተመለሺ ማለት ነውር ነው። ሞተሽም ከሆነ፣ የልጅ ልጇን ያላየች ጓደኛዬን ሂጂ የሚል አፍ የለኝም።

ሚሉቲን ትናንት ፎቁ ላይ መስኮት ማስገባት ጀምሯል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። የመጀመሪያውን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በሚያየው በኩል ነው ያስገባው።

እንግዲህ ክርስትናው በሐምሌ ነው። በቀኝ ልጥራሽ በግራ አላወቅሁም። ስለዚህ ኮዳውን በሁለቱም እጄ ይዤ እመጣለሁ፤ ያቺ የቀረች ቃል ከእኔ አፍ አትወጣም። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፤ የመጣሽው ልታዪው እንጂ ልትወስጂው አይሁን። አግዳሚውን ታጥቦ ካገኘሁት ቀድመሽኝ መድረስሽን አውቃለሁ፤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ ቀሚሴም ይርጠብ።

ከጋሪው ላይ አብራሽ የወደቀችው፣
ዢቫና